የቀለህ አንገት መላጊያ ከመግዛታችሁ በፊት

መጀመሪያ የገዛሁት መላጊያ፣ የባዶ ጥይት ቤትን አንገት ከውጭ እየላገ ውፍረቱን እኩል የሚያደርግ መሳሪያ ማለት ነው፣ አሁንም ጋራዥ ውስጥ መሳቢያ ታች ተኝቷል፣ ቢበዛ ሃያ ቀለህ ቢልግ ነው። ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ ነገሩን ከጭራው የያዝኩት። መጀመሪያ መላጊያ ገዛሁ፣ ከዛ ያለ መለኪያ እንደማይሰራ ገባኝና መለኪያ ገዛሁ፣ መለኪያው ደሞ የነገረኝ ያ ሁሉ ቀለህ ጭራሽ መላግ እንደማያስፈልገው ነበር። ከዛ ወዲህ ብዙ ቀለህ ልጌያለሁ፣ የተረዳሁት ነገር ቢኖር ስራውን የሚወስነው ቢላው ሳይሆን ቢላው ጋ ከመድረሱ በፊት ያለው ነገር መሆኑን ነው። ስለዚ መላጊያው ላይ የምንደርሰው ዘግይተን ነው፣ ታገሱኝ።

የማወራው እዚህ አሜሪካ ስላለው ነው። የራስን ጥይት ራስ መሙላት፣ ሪሎዲንግ የሚሉት፣ እዚህ እንደ ዓሣ ማጥመድ ተራ ሆቢ ነው። ሌላ አገር ያላችሁ ህጉ ለየቅል ነውና መጀመሪያ እሱን አጣሩ፣ አገር ቤትማ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው።

በቃላት እንስማማ። ቀለህ የምለው ባዶውን የነሐስ ቤት ነው፣ ልጅ ሆነን በከንፈር ይዘን የምናፏጭበትን። እርሳስ የምለው በሮ የሚሄደውን ነው፣ መዳብ ቢለብስም እርሳስ ነው። እርሳሱን ጨምድዶ የያዘው ቀጭኑ የቀለህ ጫፍ አንገት ይባላል፣ ከአንገት በታች ወደ ሰውነቱ የሚሰፋው ደሞ ትከሻ። ሺኛ ስል የኢንች አንድ ሺኛ ነው፣ 0.001 ኢንች ማለት ነው፣ በሚሊሜትር 0.0254። የሰው ፀጉር ሶስት ሺኛ አካባቢ ይወፍራል ብላችሁ አስቡት፣ እኛ የምንጨቃጨቀው ስለ ግማሽ ሺኛ ነው፣ እንግዲህ ፀጉር ስንጠቃ የሚባለው ይሄ ነው።

አንገት ለምን ይላጋል

ነሐሱ መጀመሪያ እንደ ስኒ ያለች ነገር ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ከዛ በየደረጃው እየተገፋ እየተሳበ ይረዝማል። የሚገፋው ብረት ከመሃል ቅንጣት ታህል ከሳተ አንዱ ጎን ወፍራም ሌላው ቀጭን ሆኖ ይቀራል። ጥሩ ቀለህ ላይ ልዩነቱ አንድ ሺኛ ወይም ከዛ በታች ነው፣ ርካሽ ላይ ሁለትና ከዛም በላይ ታገኛላችሁ።

አንዱ ጎን ከወፈረ እርሳሱ ከመሃል ትንሽ ተገፍቶ ይቀመጣል፣ አንገቱም እርሳሱን የሚለቅበት ጉልበት ከቀለህ ቀለህ ይለያያል። ያ ነው እንግዲህ ኢላማ ላይ ቀዳዳዎቹ እንዲራራቁ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ፣ አንዱ ብቻ ነው እሺ፣ ባሩድ አመዛዘን ላይ ግዴለሽ የሆነ ሰው አንገት ልጎ አይድንም።

መላግ የማያድነውም ነገር አለ። አንገቱ በአንድ ጎን የወፈረ ቀለህ ብዙ ጊዜ ሰውነቱም በዛው ጎን ወፍራም ነው፣ አንገቱን ብታስተካክሉት ሰውነቱ እንደጠመመ ይቀራል፣ ሲተኮስ ቀጭኑ ጎን የበለጠ ስለሚለጠጥ ቀለሁ እንደ ሙዝ ጎበጥ ይላል። ስለዚ በጣም የተዛባውን ላጉት ሳይሆን ለዩት ነው የምላችሁ፣ ለማሟሟቂያና ለልምምድ ይሁን።

መጀመሪያ፦ የጠመንጃችሁን ቤት እወቁ

ጥይቱ የሚገባበት ክፍል፣ ቼምበር የሚባለው፣ የራሱ የአንገት ስፋት አለው። ጠመንጃችሁ ከፋብሪካ እንደወጣ ከሆነ ይሄ ስፋት ሰፊ ነው፣ ማንም የሰራው ጥይት እንዲገባበት ተብሎ። 308 ዊንቸስተር የሚባለውን የጥይት ዓይነት ውሰዱ፣ እርሳሱ 0.308 ኢንች ይወፍራል። የአሜሪካው የስታንዳርድ ማህበር ሳሚ የተሞላው ጥይት አንገት እስከ 0.3435 ኢንች እንዲሆን ይፈቅዳል፣ ቼምበሩ ደሞ ከ0.344 በላይ ነው። አሁን የናንተ ቀለህ የአንገት ግድግዳ 0.015 ቢሆን፣ 0.308 ሲደመር ሁለት ጊዜ 0.015 ይሆናል 0.338። እንግዲህ ሳይላግ ራሱ ስድስት ሺኛ ክፍተት አለ። እዚህ ላይ ብዙ ነሐስ ብትልጉ ክፍተቱን ታሰፉታላችሁ፣ አንገቱ በየተኩሱ የበለጠ ይለጠጣል፣ በየሳይዙ፣ ማለትም የተለጠጠው ቀለህ ዳግም ሊሞላ መልሶ በጠበበ ቁጥር፣ የበለጠ ይጨመደዳል፣ ቶሎ ይሰነጠቃል። ትርፉ ድካም ነው።

ሌላው ዓይነት ጠባብ አንገት ያለው ቼምበር ነው፣ ይሄን የሚያሰሩት በተለይ ቤንችሬስት፣ ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ የሚተኮስ የኢላማ ውድድር፣ የሚተኩሱ ሰዎች ናቸው። ዋናው ምሳሌ 6 ፒ ፒ ሲ የሚባለው ጥይት ነው፣ በ1970ዎቹ ሉ ፓልሚሳኖና ፌሪስ ፒንዴል ከ220 ረሽያን ቀለህ ተነስተው የሰሩት። እዛ ሰፈር የተለመደው የቼምበር አንገት 0.262 ነው፣ እርሳሱ 0.243 ነው፣ ሲሞላ 0.260 እንዲሆን ከፈለጋችሁ 0.260 ሲቀነስ 0.243 ለሁለት ሲካፈል ግድግዳው 0.0085 መሆን አለበት። እዚህ መላግ ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው።

አደጋው ያለውም እዚሁ ነው። አንገቱ ቼምበሩ ውስጥ ለመከፈት ቦታ ካጣ እርሳሱን መልቀቅ አይችልም፣ ግፊቱ ወደማትፈልጉት ቦታ ይወጣል። ብዙ ጥንቁቅ ሰዎች በድምሩ ከሁለት ሺኛ በታች ክፍተት አይተዉም፣ እኔ ሶስት ሲሆን ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። የቼምበራችሁን አንገት ስፋት በግምት አትያዙት። በርሜሉን የሰራው ጠመንጃ ሰሪ ይነግራችኋል፣ ብዙ ጊዜ በርሜሉ ላይም ይቀረጻል። የፋብሪካ ከሆነ አንድ ቀለህ ተኩሳችሁ የአንገቱን ውጭ ለኩ፣ ነሐስ ከተኩስ በኋላ ትንሽ ስለሚመለስ ቼምበሩ ከዛ ልኬት ሲበልጥ እንጂ አያንስም።

እንግዲህ እዚህ ላይ የፋብሪካ ቼምበር ያላችሁ ሰዎች መላግ ከፈለጋችሁ ማጽዳት ብቻ ነው የናንተ ስራ፣ ከፍ ያለውን ጎን መቀነስ ማለት ነው። ቢላው ከአንገቱ ዙሪያ ግማሽ ወይም ሰባ በመቶ የሚሆነውን ነክቶ የቀረውን ሳይነካ ቢያልፍ በቂ ነው። የተላገው ቦታ ያብረቀርቃል ያልተላገው ይደበዝዛል፣ ዥንጉርጉር ሆኖ ሲወጣ ያበላሻችሁት ይመስላችኋል፣ አላበላሻችሁም።

ሁለተኛ፦ መለኪያ፣ ገንዘባችሁን እዚህ ጣሉት

ካሊፐር ለዚህ ስራ አይሆንም። ጥሩ ካሊፐር እንኳ አንድ ሺኛ ላይ ይዋሻል፣ ጠፍጣፋ መንጋጋው ደሞ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ክብ ጎን በትክክል አይነካም። የሚያስፈልጋችሁ አንዱ ጫፉ ኳስ የሆነ ማይክሮሜትር ነው፣ ቦል ማይክሮሜትር ወይም ቲዩብ ማይክሮሜትር ይባላል፣ እስከ 0.0001 የሚያነብ። ሚቱቶዮ፣ ስታሬት፣ እንደ አቅማችሁ። ኳሱ የናንተ አንገት ውስጥ የሚገባ መሆኑን ሳታዩ እንዳትገዙ፣ ለ22 ካሊበር ትልቅ ኳስ አይገባም።

ከአንድ ሎት፣ አብሮ ከተመረተ ማለቴ ነው፣ ሃያ ቀለህ አውጡና እያንዳንዱን አራት ቦታ ለኩ፣ ሩብ ሩብ እያዞራችሁ፣ ከአፉ ትንሽ ገባ ብላችሁ። ወረቀት ላይ ጻፉት። አፉ ላይ ስንጥር ካለ ልኬቱ ይሳሳታል ስለዚ ቀድማችሁ ውስጡንም ውጩንም በትንሹ ጥረጉት። እጃችሁን ለማመን አንዱን ቀለህ ሶስት ጊዜ ደጋግማችሁ ለኩት፣ ሶስቴ የተለያየ ቁጥር ካነበባችሁ ችግሩ ቀለሁ ሳይሆን አጨባበጣችሁ ነው። ማይክሮሜትር እንደ ሞርሳ አይጠበቅም፣ ጫፉ ላይ ያለችው ቆላፊ ጠቅ ጠቅ እስክትል ብቻ።

እንበል ያወጣችሁት ውጤት ከ0.0142 እስከ 0.0156 ነው። የፋብሪካ ቼምበር ከሆነ ኢላማችሁን 0.0145 አድርጉት፣ አብዛኛውን ይነካል፣ ቀጭኑን አያሳሳም። ውጤቱ ሁሉም ቀለህ ላይ ከ0.0147 እስከ 0.0152 ከሆነስ? በቃ ማይክሮሜትሩን አስቀምጡና ሻይ ጠጡ። ልዩነቱ ግማሽ ሺኛ ነው፣ ያንን ለማጥፋት ቅዳሜያችሁን አታጥፉ። ፒ አር ኤስ በሚባለው ውድድር የሚተኩሱ ሰዎች ብዙዎቹ ጥሩ ቀለህ ገዝተው ሳይልጉ ነው የሚተኩሱት።

ሶስተኛ፦ ማስፊያውና ፓይለቱ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው

መላጊያ ማለት በቀላሉ አንዲት ቀጥ ያለች ዘንግና ከጎኗ የቆመ ቢላ ነው። ዘንጓ፣ ፓይለት ወይም ማንድሬል ትባላለች፣ አንገቱ ውስጥ ትገባለች፣ ቢላው ከውጭ ይቆርጣል። በዘንጓና በቢላው መሃል ያለው ርቀት ነው የአንገታችሁ ውፍረት የሚሆነው። እንግዲህ አስቡት፣ ዘንጓ አንገቱ ውስጥ የምትወዛወዝ ከሆነ ርቀቱ በየዙሩ ይቀያየራል፣ የሁለት መቶም ሆነ የአምስት መቶ ዶላር መላጊያ ግድ የለውም፣ የሚወጣው ጠማማ ነው። ዘንጓ ከጠበቀች ደሞ ግጭቱ ያሞቃታል፣ ስትሞቅ ትወፍራለች፣ ስትወፍር የበለጠ ትጠብቃለች፣ ከዛ ነሐሱ ይላጥና ብረቷ ላይ ይጣበቃል። ያኔ በጉልበት መግፋት ሱሪ ባንገት አውልቅ እንደማለት ነው። አንድ የብረት ፓይለት እንደዛ አድርጌ አበላሽቻለሁ፣ ላዩ ላይ የተጣበቀውን ነሐስ ለማስለቀቅ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኝ መጨረሻ ላይ ጣልኩት።

መፍትሄው ማስፊያ ነው። ፕሬሳችሁ፣ ቀለሁን በእጀታ የምትገፉበት መሳሪያ፣ ላይ ከሚገባ ዳይ፣ ቀለሁን ቅርጽ ከሚያስይዘው ብረት፣ ጋር የሚሸጥ ሌላ ዘንግ ነው፣ ከፓይለቱ በትንሹ የሚወፍር፣ ከግማሽ እስከ አንድ ሺኛ። ቀለሁን በማስፊያው ታሳልፉታላችሁ፣ ነሐሱ ትንሽ መልሶ ይጨመደዳል፣ ከተጨመደደ በኋላ ያለው ስፋት ለፓይለቱ ልክ ይሆናል። ስለዚ ማስፊያውንና ፓይለቱን ከአንድ ፋብሪካ ተጣምረው የተሰሩ ግዙ፣ ከዚህኛው ማስፊያ ከዚያኛው ፓይለት መቀላቀል ይቻላል ግን ራሳችሁ መለካት አለባችሁ። መጠናቸውን በግማሽ ሺኛ እየለያዩ የሚሸጡም አሉ፣ ነሐሳችሁ ጠንከር ብሎ ብዙ የሚመለስ ከሆነ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ማስፊያ ትወስዳላችሁ።

ማስፊያው ሌላም ስራ ይሰራል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የሳይዝ ዳይ አንገቱን ከውጭ ነው የሚጨምቀው፣ ስለዚ ውጩ ክብ ሆኖ ጉብታው ወደ ውስጥ ይገባል። ማስፊያው ከውስጥ ሲገፋ ጉብታውን ወደ ውጭ ያወጣዋል፣ ቢላው ያለው ደሞ ውጭ ነው። ሳያሰፉ መላግ ማለት ጉብታው ውስጥ ተደብቆ እያለ ውጩን ማስዋብ ነው።

ልኩን በእጅ ታውቁታላችሁ፦ ቅባት የተቀባ ፓይለት ላይ ቀለሁን በጣት ስትገፉት ያለ ጉልበት ይገባል፣ ግን ወደ ጎን ስታንቀሳቅሱት አይንኳኳም።

ከምን ይሰራ ለሚለው፣ ካርባይድ፣ ከተራ ብረት በጣም የሚጠነክረው፣ ፓይለት ነሐስ አይጣበቅበትም፣ አያልቅም፣ ይወደዳል። ተራ ብረት በደንብ ከተቀባ ይሰራል ግን ይቅር አይልም። ዓመት ሙሉ መቶ ቀለህ የምትልጉ ከሆነ ብረት ይበቃችኋል። ከዛ በላይ ከሆነ ካርባይዱን ያኔውኑ ግዙት፣ ሁለቴ ከማውጣት ይሻላል።

አራተኛ፦ አሁን መላጊያውን እንምረጥ

ሶስት ቤተሰብ አለ ብላችሁ ያዙት።

በእጅ የሚያዘው የመጀመሪያው ነው። መላጊያው በግራ እጅ፣ ቀለሁ በያዥ ተይዞ በቀኝ እጅ ወይም በትራፓኖ ይዞራል። ኬ ኤንድ ኤም፣ ሲንክሌር፣ ፒ ኤም ኤ፣ የፎርስተር የእጁ ሞዴል ሁሉም እዚህ ናቸው። ጥቅሙ እጃችሁ ውስጥ ትንሽ ነጻነት ስላለው ቀለሁ ራሱ ፓይለቱን ፈልጎ ይስተካከላል፣ ከሁለት ጎን በብረት ስላልታሰረ ማለቴ ነው። ጉዳቱ ሃምሳኛው ቀለህ ላይ ጣታችሁ ይጮሃል። ለብዙ ሰው የምመክረው ይሄን ነው።

ሁለተኛው ቀለህ መቁረጫው ላይ የሚገጠም ነው። የፎርስተር ትሪመር ያላችሁ ሰዎች ለሱ የተሰራ የአንገት መላጊያ መለዋወጫ አለ፣ ሆርናዲም በእጅ መዘውር የሚዞር አለው። መሳሪያው ቀድሞ ካላችሁ ርካሹ መንገድ ነው። ግን እዚህ ቀለሁ በአንድ በኩል በኮሌት፣ ዙሪያውን ጨብጦ በሚይዝ መያዣ፣ ታስሯል በሌላ በኩል ፓይለቱ ታስሯል፣ ሁለቱ ቀጥታ መስመር ላይ ካልሆኑ አንገቱ መሃል ላይ ሆኖ ይታገላል። ለማጽዳት ስራ ይሆናል፣ ለጠባብ ቼምበር አልገዛውም።

ሶስተኛው እንደ ትንሽ ቶርኖ ያለው ነው፣ ትዌንቲፈርስት ሴንቸሪ የሚሰራው በመዘውር የሚዞር ይታወቃል። ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ አገፋፉ እኩል ስለሆነ ላዩ እንደ መስታወት ይወጣል፣ ድካም የለውም። ዋጋው ግን ያስደነግጣል፣ ይሄን ያየ ባለትዳር መጀመሪያ ቤቱን ያማክር።

የትኛውንም ብትመርጡ አራት ነገር እዩ።

አንደኛው ቢላው የሚስተካከልበት መንገድ ነው። በአንድ ቡሎን ላልቶ በእጅ ተገፍቶ መልሶ የሚጠብቅ ከሆነ ስታጠብቁት ራሱ ይንቀሳቀሳል፣ ግማሽ ሺኛ ለማግኘት ሃያ ደቂቃ ትለፋላችሁ። ቁጥር ያለበት ማዞሪያ ያለው ወይም ዲያል የሚገጠምበት ይሻላል። ኬ ኤንድ ኤም ዲያል ኢንዲኬተር የሚገጠምበት አለው፣ ለሰነፍ ጥሩ ነው፣ ለኔ ማለቴ ነው።

ሁለተኛው የቢላው የትከሻ ማዕዘን ነው፣ ይሄን ረስቶ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። ቢላው አንገቱ የሚያልቅበት ቦታ ደርሶ ትከሻውን በትንሹ መንካት አለበት፣ ስለዚ ፊቱ ላይ ያለው ስለት ከትከሻችሁ ማዕዘን ጋር መቀራረብ አለበት። 308 ትከሻው 20 ዲግሪ ነው፣ 223 ሬሚንግተን 23፣ 300 ዊን ማግ 25፣ 6.5 ክሪድሙርና 6 ፒ ፒ ሲ 30፣ አክሊ ኢምፕሩቭድ የሚባሉት 40፣ የድሮው 30-06 17 ተኩል። ለ30 ዲግሪ የተሳለ ቢላ 308 ላይ ብታስገቡ ወይ ትከሻውን ይቧጭረዋል ወይ አንገቱ ስር ሳይቆርጥ ጉብታ ትቶ ይመለሳል።

ሶስተኛው ማቆሚያው ነው። ብዙዎቹ የቀለሁ አፍ ፓይለቱ ላይ ካለ ደረጃ ጋር ሲነካ ነው የሚቆሙት። ይሄ ማለት የቀለሁ ርዝመት ቢላው ትከሻው ላይ ምን ያህል እንደሚገባ ይወስናል። ለዛ ነው ከመላግ በፊት ሁሉንም እኩል የምትቆርጡት፣ አምስት ሺኛ የረዘመ ቀለህ ስሩ ሳይላግ ይቀራል፣ አምስት ሺኛ ያጠረው ትከሻው ይበላል።

አራተኛው ያዡ። መላጊያውን ገዝተው ቀለሁን የሚይዙበት የሌላቸው ሰዎች አሉ፣ ከሳጥኑ ውስጥ የለም፣ ለብቻው ነው የሚሸጠው። ትራፓኖ ላይ የሚገጠም ያዥ ከገዛችሁ ቀለሁን አጥብቆ ሳይሆን ትንሽ እንዲላወስ አድርጎ የሚይዝ ይሁን። ቀስ ብሎ የሚዞር ኤሌክትሪክ ካቻቢቴ ከትልቅ ትራፓኖ ይሻላል።

ስራው

አዲስ ወይም አንዴ የተተኮሰ ቀለህ ውሰዱ። የተተኮሰ ከሆነ ካፕሱሉን አውጡ፣ እጠቡ፣ ሳይዝ አድርጉ። የተተኮሰ ቀለህ ላይ ያለው ጥላሸት ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት፣ ጓንት አድርጉ ካልሆነም ሳትታጠቡ ምግብ እንዳትነኩ። ርዝመቱን እኩል ቁረጡ፣ አፉን ውስጥና ውጭ ጥረጉ። ከዛ የአንገቱን ውስጥ ኢምፔሪያል ሳይዚንግ ዋክስ በሚባለው ቅባት በስሱ ቀብታችሁ በማስፊያው አሳልፉ። አሰፋችሁና በዛው ቀን ላጉ፣ ነሐስ ሲያድር ትንሽ ይመለሳል ብለው የሚያምኑ ሰዎች አሉ፣ እኔ ዝም ብዬ በዛው ቀን ነው የምጨርሰው።

ቢላውን ለመጀመሪያ ለማስተካከል የሞተር ሰዎች ክፍተት የሚለኩባትን ስስ የብረት ቅጠል፣ ፊለር ጌጅ፣ በፓይለቱና በቢላው መሃል አስገቡ። ኢላማችሁ 0.0145 ከሆነ በ0.016 ጀምሩ፣ ሰፋ አድርጋችሁ፣ ነሐስ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስማ። ያንን ከተበላሹት የለያችሁት ቀለህ ላይ ሞክሩ። ላጉ፣ ጥረጉ፣ ለኩ፣ በትንሹ አጥብቡ፣ እንደገና። ሶስት አራት ቀለህ ለዚህ መስዋዕት አድርጉ፣ ለዚህ ነው ከመቶ ቀለህ መቶ አምስት የምትገዙት።

ከሁለት ሺኛ በላይ የምታነሱ ከሆነ በሁለት ዙር አድርጉት። መጀመሪያ ሁሉንም በወፍራሙ ቁርጥ፣ ከዛ ቢላውን አስተካክላችሁ ሁሉንም በቀጭኑ። ሁለተኛው ቁርጥ ስስ ስለሚሆን ላዩም ያምራል፣ ቁጥሩም አይዋዥቅም።

አገፋፉ ላይ አትቸኩሉ። ቀለሁ እየዞረ በዝግታ ትገፉታላችሁ፣ ፈጥናችሁ ከገፋችሁ አንገቱ ላይ እንደ ቡሎን ጥርስ ያለ መስመር ይቀራል፣ በጥፍር ሲነካ ይታወቃል። ትከሻው ጋ ሲደርስ ሁለት ሶስት ዙር እዛው አዙሩት፣ ከዛ እየዞረ በዛው ዝግታ መልሱት፣ አቁማችሁ አትጎትቱት መስመር ይተዋል።

ትከሻው ላይ ቢላው ምን ያህል ይግባ? ልክ ነክቶ አንድ ቀጭን አብረቅራቂ ቀለበት እስኪተው። እኔ መጀመሪያ ላይ ጥልቅ ሲሆን ጥሩ መስሎኝ አስገባሁት፣ በሶስተኛው ተኩስ አንገቱ ከትከሻው ተቆርጦ ቼምበር ውስጥ ቀረ፣ ቀለሁ ብቻውን ወጣ። ለማውጣት ያየሁት አበሳ አይወራም።

በየቀለሁ መሃል የነሐሱን ስንጥር በብሩሽ አንሱ፣ ፓይለቱን እንደገና ቀቡ። በየአስሩ አንዱን ለኩ። ቁጥሩ ቀስ እያለ እየቀጠነ ከመጣ መላጊያው ሞቋል፣ ፓይለቱ አብጦ ወደ ቢላው እየተጠጋ ነው ማለት ነው፣ በእጅ ስትነኩት ሞቅ ካለ አስቀምጡትና ሌላ ስራ ስሩ። ሁለት መላጊያ ገዝተው እያፈራረቁ የሚሰሩም አሉ፣ እኔ ቡና አፈላለሁ። መነጽር አድርጉ፣ የነሐስ ስንጥር ዓይን ውስጥ ሲገባ ቀልድ አይደለም።

ሲያልቅ አፉን ዳግም በስሱ ጥረጉ፣ ውጩን በጣም ደቃቅ በሆነ የብረት ሱፍ፣ ባለ አራት ዜሮው፣ ሁለት ዙር አሹት፣ ቅባቱን እጠቡ። ውስጥ የወደቀ ስንጥር እንዳይኖር እያንዳንዱን ገልብጣችሁ ደረቱን መታ መታ አድርጉት፣ ከባሩድ ጋር እንዲቃጠል አትፈልጉም።

ዶናት የሚሉት ነገር

አንገቱ ከትከሻው በሚገናኝበት ከውስጥ በኩል የሚፈጠር ወፍራም ቀለበት ነው። ትከሻው ከአንገቱ ይወፍራል፣ አንገቱ ሲሰፋ ወይም ቀለሁ ሲረዝም ከዛ ወፍራም ነሐስ ትንሹ ወደ አንገቱ ይሳባል። እርሳሳችሁ እዛ ድረስ ወርዶ የሚቀመጥ ከሆነ ቀለበቱ ይጨመድደዋል፣ ጉልበቱ ይዘበራረቃል። ቢላው ትከሻውን በትንሹ ይንካ ያልኩት አንዱ ለዚህ ነው፣ ቀድሞ ያንን ነሐስ ያነሳዋል። ቀድሞ የተፈጠረ ከሆነ ግን ከውስጥ ነው የሚቆረጠው፣ ኬ ኤንድ ኤም ጫፉ ላይ ስለት ያለው ፓይለት አለው፣ ውጩን እየላገ ውስጡን ይጠርጋል። እርሳሳችሁ ከአንገቱ ስር በላይ የሚቆም ከሆነ ዶናቱን እርሱት፣ ማንንም አይነካም።

ከተላገ በኋላ የሚረሳው

አንገቱ ቀጥኗል አይደል፣ ስለዚ የሳይዝ ዳያችሁ አሁን ይሰፋዋል። ቡሺንግ ዳይ፣ አንገቱን የሚጨምቀው ቀለበት በመጠን የሚቀየርበት፣ ካላችሁ ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ በ0.015 ግድግዳ የተሞላው 0.338 ነበር፣ ሁለት ሺኛ ጭምደዳ ስለምትፈልጉ ቡሺንጋችሁ 0.336 ነበር። ግድግዳው 0.014 ሆነ እንበል፣ የተሞላው 0.336 ይሆናል፣ ያው የድሮ ቡሺንግ ምንም አይጨመድድም፣ እርሳሱ በጣት ሲገፋ ይገባል። ወደ 0.334 መውረድ አለባችሁ። ቡሺንግ የሌለው ተራ ዳይ ከሆነ ደሞ ምን ያህል እንደሚጨምቅ ሳትለኩ ብዙ አትላጉ። የተላገውንና ያልተላገውን በአንድ ሳጥን አትቀላቅሉ፣ ቂጡ ላይ በቋሚ ማርከር ምልክት አድርጉበት። ባሩዱንም ከሞላችሁበት የበፊት መጠን ሳይሆን ከመጽሐፉ መነሻ ጀምራችሁ ውጡ፣ አንገቱ ስለተቀየረ ነገሩ ተቀይሯል።

መጨረሻ ላይ፣ ሙሉውን ከመሙላታችሁ በፊት፣ አንድ እርሳስ ብቻ ያለ ባሩድ ያለ ካፕሱል ባዶ ቀለህ ላይ አስገቡና የአንገቱን ውጭ እርሳሱ ባለበት ቦታ ለኩ፣ ከቼምበራችሁ አንገት ላይ ቀንሱት። ቢያንስ ሁለት ሺኛ መቅረት አለበት፣ ካልቀረ አትተኩሱም፣ ተመልሳችሁ ትልጋላችሁ። ቀርቶ ከሆነ ጥቂት ሞልታችሁ ተኩሱ፣ ከዛ የተተኮሰውን ቀለህ ሳይዝ ሳታደርጉ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙትና አዲስ እርሳስ አፉ ላይ ልቀቁ። በራሱ ክብደት ሸርተት ብሎ መግባት አለበት። ከቆመባችሁ ወይ ክፍተቱ ጠቧል ወይ አፉ ላይ ስንጥር አለ፣ አፉን ጥረጉና ድገሙት፣ አሁንም ከቆመ የቀረውን አትተኩሱ፣ ማይክሮሜትሩን አውጡ።